ማንሻው ይሄዳል፣ ሙቀቱ ግን አይመጣም

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? በፈረንጅ የ1990 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ችግሬ ሂተሩ ነው። ከሰማያዊው ወደ ቀዩ የሚገፋው ማንሻ ድሮ ጠንከር ይል ነበር፣ አሁን በአንድ ጣት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ የሚወጣው ነፋስ ግን ያው በረዶ ነው። ፋኑም 1፣ 2፣ 3 ላይ ዝም፣ 4 ላይ ብቻ ይጮሃል። ጋራዥ ወስጄው ዳሽቦርዱ ወርዶ የሂተሩ ዕቃ በሙሉ ይቀየራል አሉኝ፣ የጠሩልኝ ብር ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው። ኅዳር ገብቷል፣ መስታወቱ እየታፈነብኝ በፎጣ እየጠረግኩ ነው የምነዳው። እውነት ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ዳሽቦርዱን እንዳታስወርድ፣ ቢያንስ አሁን የምነግርህን ሳታይ። የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ አንዴ ከወረደ እንደነበረው መመለሱ ከባድ ነው፣ ፕላስቲኩ ደርቋል ይሰነጠቃል፣ መያዣዎቹ ይሰበራሉ፣ ከዛ በኋላ ኮረኮንች በነካህ ቁጥር ሲንኳኳ ትሰማዋለህ። ደግሞ አንተ የጻፍክልኝ አንድ ብልሽት ሳይሆን ሁለት ነው፣ የማንሻው ሌላ የፋኑ ሌላ፣ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው።

ከማንሻው ልጀምር። ሞተሩ ያሞቀው ውሃ በአንድ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ገብቶ ዳሽቦርዱ ስር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ዞሮ በሌላው ይመለሳል፣ ፋኑ እሷ ላይ ይነፋል፣ ሂተር ማለት ይሄው ነው። ከማንሻው ኋላ ቀጭን ካቦ አለ፣ እሱ ነው የውሃውን ቫልቭ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ነፋሱን ወደ ትንሿ ራዲያተር የሚመልሰውን በርም የሚያንቀሳቅሰው እንደሱ ያለ ካቦ ነው። ማንሻው ባዶውን ሲንሸራተት ካቦው ወይ ተበጥሷል ወይ ከመያዣው ወጥቷል። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የወጡ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውሃውን እይ፣ ሲሞቅ በፍጹም እንዳትከፍት። ይሄን የምልህ ውሃ ሲጎድል ቀድማ የምትቀዘቅዘው የሂተሯ ራዲያተር ስለሆነች ነው፣ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ አየሩ እሷ ጋ ይጠራቀማል። ያንተ አገር ደግሞ ከፍታው 2,800 ሜትር ያልፋል፣ እዛ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ ቢጣድ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ስለዚ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ካረጀ ውሃህ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል ማለት ነው።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ሞተሩን ሙቀት መለኪያው መሀል እስኪደርስ አሙቀው፣ ማንሻውን ቀዩ ላይ አድርግ፣ ከዛ ሞተሩን አጥፋና ኮፈኑን ከፍተህ ከሞተሩ ኋላ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ማኒኮቶዎች በጥንቃቄ ነካ ነካ አድርጋቸው። ሁለቱም ከሞቁ ውሃው እየዞረ ነው፣ ችግሩ ውስጥ ያለው የነፋሱ በር ጋ ነው። አንዱ ሞቆ አንዱ ከቀዘቀዘ ወይ ቫልቩ ተዘግቷል ወይ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑና የሙቀት መለኪያው ራሱ መንገድ ላይ ከታች አልነሳም የሚል ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ትልቁ ራዲያተር የማያሳልፈውን ዕቃ፣ አውጥተውልህ ይሆናል። ሞተር እንዳይፈላ ብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል እኛ አገር ልማድ ሆኗል፣ እኔ በጣም ያናድደኛል፣ ሞተሩ በቅዝቃዜ እየሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ሂተርም አይኖርህም።

አሁን አንድ ሰው ውስጥ ቁጭ ብሎ ማንሻውን ይግፋልህ፣ አንተ ቫልቩ ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ እያት። ክንዷ ካልተንቀሳቀሰች በእጅህ ግፋትና ሞተሩን አስነስተህ ሞክር፣ ሞቅ ያለ ነፋስ ከመጣ ነገሩ አልቋል፣ ጥፋተኛው ካቦው ነው። የካቦው ጫፍ ቀለበት ሆኖ ክንዷ ላይ ባለች ቀጭን ዘንግ ይገባል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ የካቦውን ሽፋን ቆንጥጦ የሚይዝ የብረት ክሊፕ አለ። ክሊፑ ከለቀቀ ማንሻውን ስትገፋ ውስጡ ያለው ሽቦ ሳይሆን ካቦው በሙሉ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው እጅህ ላይ የቀለለህ። ስትመልሰው ማንሻውን ሰማያዊው ላይ፣ ቫልቩን በእጅህ ሙሉ ዝግ አድርግ፣ ቀለበቱን አስገባ፣ ሽፋኑን እስኪወጠር ሳብ አድርገህ ክሊፑን ዝጋ። ከዛ ወደ ቀዩ ግፋና ለቀቅ አድርገው፣ ወደኋላ ከተመለሰብህ ውጥረቱ ልክ አልመጣም፣ ድገመው።

ተበጥሶ ከሆነ አደራ የብስክሌት ፍሬን ካቦ እንዳታስገባ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። የብስክሌቱ የተገመደ ስለሆነ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፣ ቫልቩን ይከፍትልህና መዝጋት ያቅተዋል። የሂተሩ ካቦ ውስጡ አንድ ወጥ ደረቅ ሽቦ ነው፣ ሶማሌ ተራ ከሚፈታ መኪና ላይ ከነሽፋኑ ፈልገው፣ ድሮውን ይዘህ ሂድና ርዝመቱን አስተያይ።

ደግሞ ዝም ብሎ የሚበጠስ ካቦ የለም። ቫልቩን በእጅህ ስታንቀሳቅሰው ጨርሶ ከጠነከረብህ ካቦውን የበጠሰው እሱ ነው፣ እሱን ሳትቀይር አዲስ ካቦ ብታስገባ ወይ ይበጠሳል ወይ የማንሻው ፕላስቲክ ይሰበራል። ቫልቩን የሚያደርቀው ደግሞ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ እየሞሉ መንዳት ነው፣ ዝገቱ እዛ ይጋገራል፣ ስትጨርስ ውሃውን አፍስሰህ ኩላንት አድርግበት።

ፋኑን በአጭሩ ልንገርህ። 4 ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ቀንሶ ፋኑን ቀስ የሚያደርገው ሬዚስተር ተቃጥሏል፣ 4ኛው በሱ ሳያልፍ በቀጥታ ስለሚሄድ ነው የተረፈልህ። በተሳፋሪው በኩል ከዳሽቦርዱ ኪስ ኋላ የአየር መተላለፊያው ላይ በሁለት ብሎን የተያዘች ትንሽ ዕቃ ናት፣ ነፋሱ እንዲያቀዘቅዛት ብለው ነው እዛ ያስቀመጧት። በሽቦ አገናኝልኝ እንዳትል፣ እሳት ያስነሳል። አዲሷን ከማስገባትህ በፊት ፋኑን አውጥተህ እየው፣ አንዴ አንድ ደንበኛዬ በሁለት ወር ሦስት ሬዚስተር አቃጥሎ መጣ፣ ፋኑን ሳወጣው ክንፎቹ መሀል የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ታጭቆ ሞተሩ በግድ ነበር የሚዞረው። ቅጠሉን አጸዳን፣ አራተኛዋ ሬዚስተር እስካሁን አለች።

እስከዛ ድረስ ለነገ መንገድ ቫልቩን በእጅህ ክፈተውና ክንዷን በቀጭን ሽቦ እሰራት፣ እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ይሞቅሃል ግን መስታወትህ ንጹህ ይሆናል። በፎጣ እየጠረግክ መንዳቱን ግን ተወው ወንድሜ። እኔ በወጣትነቴ ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ መስታወቴ ታፍኖ የፊቴን አይሱዙ ያየሁት ሦስት ሜትር ሲቀረኝ ነው፣ ሂተር ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ያ የኋላ መብራት ነው ትዝ የሚለኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ ቪትዝ ሂተሩ ውሃ ሲያፈስ ጋራዥ ሁለቱን ማኒኮቶ በአንድ ቱቦ አገናኝተው መለሱልኝ፣ ሞተሩን ይጎዳዋል? ዝናብ ሲሆን መስታወቱ ይታፈንብኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቱቦው ሙቀት የሚችል ከሆነና በፋሸታ በደንብ ከታሰረ ሞተሩን አይጎዳውም፣ አትስጊ። ሂተር ግን የለሽም። ለጊዜው ኤሲው የሚሠራ ከሆነ ዝናብ ላይ ክፈችው፣ ይቀዘቅዝሻል እንጂ እርጥበቱን ይመጥልሻል፣ አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረውን ቁልፍም አጥፊው፣ የውጭ አየር ይግባ። መስታወቱን ከውስጥ በደንብ አጽጂው፣ ቅባት ያለበት መስታወት ቶሎ ይታፈናል። ገንዘብ ስታገኚ ትንሿን ራዲያተር አስቀይሪ፣ የመዳብ ከሆነች መበየድ ትችላለች፣ የአሉሚኒየም ከሆነች ግን በብየዳው ገንዘብሽን አታባክኚ። ከተሳፋሪው እግር ስር ያለውን ምንጣፍም አንስተሽ እዪው፣ ያኔ የፈሰሰው ውሃ ስሩ ተኝቶ ከሆነ መታፈኑን የሚያባብሰው እሱ ነው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ እስኪደርቅ ድረስ አትመልሺው።