የፓቴ ዜና ድምፅ፦ ስለ ቦብ ዳንቨርስ ዎከር ጥያቄና መልስ

ቴሌቪዥን በየቤቱ ሳይገባ በፊት በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ይታይ ስለነበረው የፊልም ዜናና ስለ ተራኪዎቹ ያቀረባችኋቸው ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ የሚሰማው ያ ደማቅ ድምፅ የማን ነው?

መልስ፦ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የፊልም ዜና ከሚያዘጋጁት ኩባንያዎች ጎሞንት ብሪቲሽ ኤመት የሚባል ተራኪ ነበረው፤ ሙቪቶን ደግሞ ሌስሊ ሚቸል። በብዙ ሰው ጆሮ የቀረው ግን የሌላው ኩባንያ፣ የፓቴው ቦብ ዳንቨርስ ዎከር ነው። ከ1940 እስከ 1970 የፓቴ ድምፅ እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ አነጋገሩን የተማረው ቢቢሲ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ ጥያቄ በመነሳቱ ደስ ብሎኛል። በ1906 እንግሊዝ አገር ሰሪ በሚባል አውራጃ ተወልዶ ያደገው አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ነው። የሬዲዮ ሥራ የጀመረውም ሜልቦርን ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ሬዲዮ ኖርማንዲ ገባ። ጣቢያው ከፈረንሳይ ጠረፍ ሆኖ በእንግሊዝኛ፣ ከነማስታወቂያው ያሰራጭ ነበር። ቢቢሲ ማስታወቂያ አያስተላልፍም፤ የእሑድ ፕሮግራሙም ኮስታራ ስለነበር አድማጩ ወደ ኖርማንዲ ይጎርፍ ነበር። በእኔ እምነት የዳንቨርስ ዎከር ጉልበት የመጣው ከዚያ ነው፤ ጣቢያ የሚቀይር አድማጭ ይዞ ማቆየትን እዚያ ለመደ።

ጥያቄ፦ ድርጊቱ ቦታ ተገኝቶ ነው የሚናገረው?

መልስ፦ የለም። ፊልሙ በአብዛኛው ያለ ድምፅ ይቀረጻል። ለንደን ደርሶ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፤ ጽሑፉ በልኩ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ትረካው፣ ሙዚቃው፣ የመድፉና የሕዝቡ ጩኸት ይጨመርበታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ ዜና ስለሚወጣ ጊዜ የለም። ምስሉ ሳያልፍ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አለበት፤ ግን የቸኮለ መምሰል የለበትም። ሰዎች የድምፁን ውበት ያደንቃሉ፤ እኔ ይበልጥ የማደንቀው ይህን የጊዜ አጠባበቁን ነው። በጦርነቱ ዓመታት ደግሞ ሳንሱር ነበረ። ስለዚህ ፊልሞቹን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ፣ ቀጥሎ ከነድምፁ። ካሜራው ያየውና ትረካው እንድናምን የሚፈልገው ይለያያል።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ንግግር ሲያደርጉ የተረከው እሱ ነው?

መልስ፦ ሊሆን አይችልም፣ እህቴ። ንግግሩ ሰኔ 1936 ነው፤ እሱ ፓቴ የገባው በ1940። የጣሊያን ወረራ ፊልሞች ላይ የምትሰሙት ድምፅ የሌሎች ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሲኒማ ቤት ሳይታዩ መጋዘን የቀሩ፣ ጭራሽ ትረካ የሌላቸው ቅጂዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ መጨረሻውስ?

መልስ፦ የፊልም ዜናን የገደለው ቴሌቪዥን ነው፤ እሱ ግን እዚያም ሠርቷል። አይቲቪ የተባለው የንግድ ቴሌቪዥን በ1955 ሲጀመር ማይክል ማይልስ በሚመራው የሽልማት ውድድር ላይ አስተዋዋቂ ሆነ። የፓቴ ዜና በ1970 ቆመ፤ እሱ በ1990 አረፈ።

ጥያቄ፦ የት እናገኛቸዋለን?

መልስ፦ ፓቴ በ2014 ወደ 85,000 የሚጠጉ ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ በነፃ ለቋል። የአገራችንን ስትፈልጉ በላቲን ፊደል «ኢትዮጵያ» ብቻ ሳይሆን «አቢሲንያ» ብላችሁም ሞክሩ፤ ከጦርነቱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የተመዘገቡት በዚያ ስም ነው።