ዋሌት በአንድ ሞኖሬፖ፦ የጋራው ኮድ የት ይቀመጥ?

የክሪፕቶ ዋሌቴን (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ አፕ) የሞባይል፣ የብሮውዘር ኤክስቴንሽንና የዴስክቶፕ ኮድ አንድ ሞኖሬፖ (የብዙ አፖች ኮድ አብሮ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ውስጥ አድርጌ የጋራውን የት ላስቀምጥ ላልከው፣ መጀመሪያ ያቺን «ሼርድ» (የጋራ) የምትል ፎልደር አጥፋት። ሁሉም ነገር እዚያ እየተወረወረ በሦስት ወር ውስጥ ዕቃ ቤት ትሆናለች። በእኔ ደርሷል።

እኔ ብሆን «ኮር» የሚል ፓኬጅ ለብቻው አወጣለሁ። ዋሌቱን መልሶ ለመክፈት ከሚያገለግሉት 12 ወይም 24 ቃላት ቁልፍ ማውጣት፣ አድራሻ መሥራት፣ ትራንዛክሽን መፈረም፣ በቃ። ስለ ሪአክትም (ስክሪን መሥሪያው ላይብረሪ) ሆነ ስለ ስክሪን ምንም አያውቅም። ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ይለያያል፤ አይፎን ላይ ኪቼይን፣ አንድሮይድ ላይ ኪስቶር (ሁለቱም የስልኩ የራሱ የምስጢር ማስቀመጫ ናቸው)፣ ኤክስቴንሽን ላይ ደግሞ በፓስወርድ ኢንክሪፕት አድርገህ ራስህ ነው የምታስቀምጠው፣ ስለዚህ ኮር ውስጥ ኢንተርፌሱን (ማስቀመጫው ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚገልጸውን) ብቻ ጻፍና ቀሪውን እያንዳንዱ አፕ ይሥራው።

የገንዘብ መጠን በ«ነምበር» (የጃቫስክሪፕት ተራ የቁጥር ዓይነት) እንዳትይዝ! 1 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ማለት ከ1 በኋላ 18 ዜሮ ያለው ዌይ (የኢተር ትንሹ ክፍልፋይ) ነው፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ከ9 ሺህ ትሪሊዮን በላይ ሙሉ ቁጥር ያዛባል። ቢግኢንት (በጣም ትልቅ ሙሉ ቁጥር ሳያዛባ የሚይዘውን ዓይነት) ተጠቀም። ወደ ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ መላላኪያ ቅርጽ) ስትቀይረው ግን ኤረር ስለሚሰጥህ ቀድመህ ስትሪንግ (ጽሑፍ) አድርገው፤ እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ በዚህ አልቆብኛል።

ኮሩ ከአፖቹ ምንም ኢምፖርት እንዳያደርግም በኢኤስሊንት (ኮዱን መርምሮ ሕግ ሲጣስ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ) ዝጋው፣ በቃል ስምምነት ብቻ ማንም አይጠብቀውም።