ሰባተኛ ክፍል ለጨረሰው ልጅሽ የክረምት መጽሐፍ፦ ደብተሩን ተይው

እህቴ፣ «ልጄ ሰባተኛ ክፍል ጨረሰ፣ ክረምቱ ስልክ ላይ ከሚያልቅ ምን ላስነብበው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። የእኔም ልጅ ባለፈው ክረምት ልክ እዚህ ላይ ነበር። የኔን ጥፋት እንዳትደግሚው ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

1. ከትምህርት ቤት የሚሰጥ ዝርዝር አትጠብቂ። የእኛዎቹ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከካርድ ጋር አንዲት ወረቀት ሰጡን። 10 መጽሐፍ፣ አስሩም እንግሊዝኛ። ቢሮ ገብቼ «የአማርኛ የለም?» አልኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላም አላየችኝ። «አማርኛማ ቤት ታወሩ የለ እንዴ?» አለችኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆች ሁሉ እየሰሙ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ማውራትና ማንበብ አንድ ነው? ልጄ ከኬጂ ጀምሮ የግል ትምህርት ቤት ነው የተማረው። እንግሊዝኛውን ያነበንበዋል፣ አማርኛ ሲሆን ግን ፊደል ይለቅማል። «ቋ» እና «ኳ» ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያንቺም ልጅ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ የጎረቤቶቼ ልጆች ሁሉ እንዲሁ ናቸው።

2. በትልቅ መጽሐፍ አትጀምሪ። እኔ በንዴት ከዚያ ቢሮ ወጥቼ በቀጥታ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገዛሁ። አባቴ ሁለቴ ያነበበው፣ እኔም አልቅሼ የጨረስኩት መጽሐፍ ነው፤ ልጄም ይወደዋል ብዬ አላመነታሁም። ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው። በ1958 የታተመ ነው፣ አማርኛውም የጎጃም ባላገር አማርኛ ያለበት፣ ፊደል ለሚለቅም ልጅ ተራራ ማለት ነው። እሱ ሳይበቃኝ ደብተር ገዝቼ «በየምዕራፉ ማጠቃለያ ጻፍ» አልኩት። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። በየማታው ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ጻፍክ?» እላለሁ። «አዎ እማ» ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

አንድ ሌሊት ተኝቶ ደብተሩን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ቃል በቃል የተገለበጠ ጽሑፍ አለ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ርዕሱ በቀይ ተሰምሮበት። የቀረው ባዶ ነው። መጽሐፉን ሳየው የአውቶቡስ ትኬቱ ገጽ 31 ላይ እንደተቀመጠ ነው። መቆጣት አልቻልኩም። ልጁ የዋሸኝ እኔ ስላስፈራሁት ነው። ሐምሌን በሙሉ በላሁበት።

3. ልጁ ራሱ ይምረጥ። በማግስቱ ደብተሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩትና ለገሃር አካባቢ ወደሚዘረጉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይዤው ሄድኩ። 200 ብር ሰጠሁትና «የፈለግከውን ግዛ፣ አንድ ቃል አልናገርም» አልኩት። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። ሲያነሳ ሲጥል ቆይቶ ስለ አበበ ቢቂላ የተጻፈች ሽፋኗ የተቀደደ ቀጭን መጽሐፍ መረጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይቺ ምን ትጠቅምሃለች?» እል ነበር።

ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ወጥ ቤት መጣ። «እማ፣ አበበ ሮም ላይ የሞሮኮውን ሯጭ ጥሎት የሄደው የት ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ? የአክሱም ሐውልት ጋ!» አለኝ። ቀጥሎ «ግን የእኛ ሐውልት ሮም ምን ይሠራል?» አለ። ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ጣሊያን በወረራው ጊዜ እንደወሰደችው፣ በ1952 ጳጉሜ 5 ማታ አበበ በባዶ እግሩ በአጠገቡ ሲያልፍ ሐውልቱ ገና እዚያው እንደነበር፣ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 እንደሆነ ነገርኩት። «ስለሱ የተጻፈ መጽሐፍ አለ?» አለኝ። ይሄን ጥያቄ ከልጄ አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ነው ጎትቶ የወሰደኝ። መስከረም እስኪጠባ አራት መጽሐፍ ጨረሰ፣ አራቱንም ሳልጠይቀው። በዚህ እኮራለሁ።

የመጽሐፍ ስም ስለጠየቅሽ፣ አማርኛው ለሚከብደው ልጅ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ይሻላል። አጫጭር ነው፣ ግጥሙ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደስ ይላል። እኛ አንድ እሱ አንድ እኔ እየተቀባበልን ነበር የምናነበው፣ «ቋ» እና «ኳ»ም እዚያ ላይ ነው የተፈታለት። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶችም ጥሩ ናቸው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ስ? ነሐሴ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከስልኬ ከፈትኩለት። ጉዱ ካሳ ሲናገር ተነስቶ ቁጭ አለ። ባትሪው ሲያልቅብን ሻማ ይዞ መጽሐፉን ራሱ ፈልጎ አወጣው። አልጨረሰውም፣ ግን ትኬቱ ከገጽ 31 ተነስቷል።

ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርደሽ አትስጪው፣ ሁለት ገጽ አንብቦ ቲክቶክ ላይ ታገኚዋለሽ። ቤት ውስጥ ጸጥታ ከሌለ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ነው፣ የተማሪ መታወቂያውን ይያዝ። ስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ ብለሽ ክረምቱን በሙሉ ቱቶሪያል ካስገባሽው ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም፣ ቢያንስ ከሰዓቱን ተይለት።

ለገሃር ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። ዝናቡ ሲያስገመግም ሻጮቹ በላስቲክ ይሸፍኑትና ማገላበጥ አይቻልም። ከቤትም አንድ ፌስታል ይዘሽ ውጪ፣ የእኛዋ አበበ ቢቂላ እስከ ታክሲው ድረስ ርሳ እስካሁን ገጾቿ እንደተጨማደዱ ናቸው።