«ጠመንጃ ይዘሽ ገደል ለገደል?»

ከደባርቅ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዕድሜሽ 22 ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሰሽ ነጥብ አልመጣልሽም። ቤተሰብሽ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር ተነስቶ ደባርቅ የሰፈረ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሴቶች አውራሪስ ሲጠብቁ በስልክሽ አየሽና ልብሽ እዚያው ቀረ። ወንድምሽ «ጠመንጃ ይዘሽ ገደል ለገደል ልትዞሪ ነው?» ብሎ ሳቀብሽ። አባትሽ ምንም አላሉም። አንቺም «የፓርክ ጠባቂነት ሥራ ይሆነኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ይሆንሻል ብዬ አምናለሁ። ግን ሥራውን አብረን እንየው።

ያየሻቸው ሴቶች ብላክ ማምባ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ክሩገር ፓርክ አጠገብ ያለውን ባሉሌ የሚባል ጥብቅ ሥፍራ ይጠብቃሉ። ጠመንጃ አይዙም። ሥራቸው በእግርና በዓይን ነው። አጥሩን ተከትለው ይሄዳሉ። የተቆረጠ ሽቦ፣ የሰው ዱካ፣ ወጥመድ ይፈልጋሉ። ወጥመድ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ቀጭን ሽቦ ነው። አንዱ ጫፍ ግንድ ላይ ይታሰራል። ሌላው እንደ ሸምቀቆ ሆኖ አውሬው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ባንገቱ ልክ ይንጠለጠላል። እንስሳው በታገለ ቁጥር ይጠብቅበታል። መንገደኛ በአጠገቡ ቢያልፍ አያየውም። የሚያየው ያንኑ መንገድ በየቀኑ የሚሄድ፣ ትናንት ያልነበረች የተጎነበሰች ቅርንጫፍ ዛሬ ዓይኑን የምትይዘው ሰው ነው። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አግኝተዋል።

ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋሙት አካሺንጋ የሚባሉት ሴት ጠባቂዎች ታጥቀው ነው የሚጠብቁት። የሰሜን ተራሮች ስካውቶችም፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ መሣሪያ እንደሚይዙ አንቺው ታውቂያለሽ። ግን ተኩስ በሥልጠና ይለመዳል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም።

ላንቺ ይበልጥ የሚቀርቡት የኬንያዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 አምቦሴሊ ፓርክ አካባቢ 8 የማሳይ ወጣት ሴቶች ተመልምለው የፓርኩን ዙሪያ መጠበቅ ጀመሩ። ከብት አርቢ ከሆነው ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ ልጆች ናቸው። ውኃ ስትቀዳ ያገኟት እናት ለወንድ ጠባቂ የማትናገረውን ለእነሱ ታወራለች። ማን እንግዳ ሰው አስጠግቷል፣ ዝሆን የማን ማሳ ገብቷል፣ እንዲህ ያለው ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።

አንቺም ይህ አለሽ። «በግ ስጠብቅ ጭላዳዎቹ አጠገቤ ይግጡ ነበር» ብለሽ ጽፈሻል። ከብት በየት በኩል እንደሚገባ፣ ውሻ የትኛውን ሸንተረር እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ዋልያ ከእናንተ ተራራ በቀር በዓለም የትም የለም። ቁጥሩ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጣም ወርዷል። ያንን ገደል የሚያውቅ ሰው ለፓርኩ ያስፈልገዋል።

ከባዱ ነገርም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ቀን የአክስትሽ ልጅ ከብቱን ፓርኩ ውስጥ ሲያግድ ብታገኚውስ? ዋልያ ገድሎ ሥጋ ተሸክሞ ብታገኚውስ? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። ከማመልከትሽ በፊት ግን ለራስሽ መልሺው።

የአባትሽ ዝምታ ከወንድምሽ ሳቅ ይልቅ ከንክኖኛል። እሳቸው ለዚህ ፓርክ ሲባል ቤታቸውን ለቀዋል። ፓርኩ ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ካላቸው ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። እዚያ ደስታ ውስጥ የግጭ ሰዎች የከፈሉት አለበት። ምናልባት ዝም ያሉት ሴት ልጃቸው ስካውት ልትሆን ነው ብለው ላይሆን ይችላል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ስካውት አብዛኛውን ጊዜ ከፓርኩ አዋሳኝ ቀበሌዎች ነው የሚቀጠረው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ደባርቅ ነውና ማስታወቂያ ሰሌዳውን በየጊዜው እይ። መስፈርቱ ከማስታወቂያ ማስታወቂያ ይለያያል። ባለሙያ ለመሆን ግን ትምህርት ይጠይቃል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ወንዶ ገነት ኮሌጅ በዚህ ዘርፍ ያስተምራል። አሁን ነጥብ ባይመጣልሽም በቴክኒክና ሙያ በኩል ጀምረሽ ቆይቶ መማር ትችያለሽ።

ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂያቸው ነገሮች አሉ። እባክሽ አትፈሪ፣ ጠይቂ። ካምፕ ውስጥ የምተኛው የት ነው? ሌላ ሴት አለች? መጸዳጃው የተለየ ነው? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? የአካባቢው ጸጥታ አሁን እንዴት ነው? ከዚህ በፊት የመከርኳት አንዲት ልጅ ሌላ ቦታ በጥበቃ ተቀጥራ በሁለት ወሯ ለቀቀች። ብርቱ ልጅ ነበረች። ግን ለሴት የተለየ ማደሪያ አልነበረም፤ ሌሊቱን ልብሷን እንደለበሰች በሩን ተደግፋ ታነጋ ነበር። ቀድማ እንድትጠይቅ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰኞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን እሑድ ቡና አፍይና ከአባትሽ ጋር ተቀመጪ። ስለ ሥራው አታንሺ። ስለ ግጭ ያውሩሽ። ያሉሽን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።