ግቢያችሁን በሙሉ ሊሾ አታድርጉት

ልጆቼ፣ በተለይ ግንባታ የምትማሩና ጎንደር ላይ ቤት ለመሥራት የምታስቡ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በግንባታ ሥራ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሙቀት ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፒያሳን በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው “ጎንደር እንዲህ አልነበረችም” ማለቱ አይቀርም። ጥፋቱን ሁሉ ግን በዓለም ሙቀት ላይ ይጥለዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዩልኝ።

አንዱ ከተማዋ ራሷ የምትፈጥረው ሙቀት ነው። ዛፍና እርጥብ አፈር ውሃቸውን በትነት ሲለቁ አየሩን ያቀዘቅዙታል። አስፋልትና ሊሾ ይህን አይችሉም። ቀን ፀሐይ ሲጠጡ ይውሉና ማታ ይለቁታል። እንዲህ ያለው ሙቀት የሚጎዳው በዋናነት የከተማውን ነዋሪ ነው። በቀትር ከመንገዱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ግቢ ግቡና እዩት። የዛፎቹ ሥር ግንቡን አቅፎ ይዞታል፤ ጥላው ሥር ስትቆሙ ወዲያው ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንደዚያው ነው። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያኑን ከነዛፉ አቆይተውልናል።

ሌላው የዓለምን ሙቀት የሚያባብሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። እሱ ድንበር አያውቅም። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ውስጥ ትልቁ እጅ ከከተሞች ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ ድርሻ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው። ሲሚንቶን ግን አትርሱ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሌላ ጥሬ ዕቃ ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ባለው ምድጃ ተቃጥሎ ነው። የምድጃው ጭስ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ድንጋዩ ራሱ ሲግል ካርቦኑን ይለቃል። ከሲሚንቶ ምርት ከሚወጣው ከግማሽ በላዩ የዚህ ነው። ስለዚህ ምድጃው በንጹሕ ኃይል ቢነድ እንኳ አይቀርም። በዓለም ደረጃ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሚንቶ ብቻውን ከ100 እጅ 7 ወይም 8 ያህሉን ይይዛል።

ታዲያ ቤት አትሥሩ ማለቴ ነው? በፍጹም! ከተማ ማደጉን አልጠላም። ሰው ተቀራርቦ ሲኖር የውሃ መስመሩም መንገዱም ያጥራል፣ ነዳጁም ይቀንሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ወደ አዘዞ አቅጣጫ የእርሻ መሬት እየበሉ ተዘርግቶ መሥራቱ ነው። ለዳቦም ለሐኪምም ባጃጅ የሚያስፈልግበት ሰፈር ለኪስም ለአየርም አይሆንም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የግቢው ነገር ነው። ቤቱ ያልቃል፣ የተረፈው ሲሚንቶ ይቦካል፣ ከበር እስከ ጓሮ ሊሾ ይሆናል። “ጭቃ እንዳይገባ” ይባላል። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ መሬት ሳይገባ በቦይ ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል። ውሃ በወረፋ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ያሳዝናል። መኪናው የሚያልፍበትን ብቻ አንጥፉ፤ እሱንም ከተቻለ በድንጋይ። ሌላውን አፈር ተዉት። ንድፉን ለሚሠራላችሁ ባለሙያ “ዛፉ የት ነው የሚሆነው?” በሉት፤ መሠረቱ ሳይቆፈር። ለጠባብ ግቢ ባሕር ዛፍ አይሆንም፣ ውሃ ይሻማል። ወይራ ይሻላል፣ ቀስ ብሎ ቢያድግም። በሐምሌ ትከሉት። በመጀመሪያዎቹ በጋዎች አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ አታፍሱ፣ ለእሱ ስጡት።