ለቢሮ የሠራችሁትን ዳታቤዝ ከመሸጣችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ላፕቶፑን ታቅፎ ቢሮዬ መጣ። በሚሠራበት ክሊኒክ የመድኃኒት መጋዘኑን የሚቆጣጠር ዳታቤዝ በአክሰስ፣ በማይክሮሶፍቱ የዳታቤዝ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ሠርቷል። ከፍቶ አሳየኝ። ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር የቀረው መድኃኒት በቀይ ይወጣል፣ ያለቀው ወዲያው ይታያል። ጎበዝ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሦስት ፋርማሲዎች ስጠን ብለውኛል፤ በላይሰንስ (በመጠቀሚያ ፈቃድ) ልሸጠው ነው» አለኝ። እኔም በ1998 ዓ.ም. ልክ እንደሱ ነበርኩና ቁጭ በል አልኩት። ለሱ ያልኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት «ይሄ ነገር የማን ነው?» ብዬ ነው። ግራ ገባው። «እኔ ነኛ የሠራሁት!» አለ። ልጆች፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ግን እዚያው አዋጅ ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ተቀጥራችሁ በሥራችሁ ላይ የሠራችሁት የአሠሪው ነው ይላል። ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት ማለት ብቻውን አያድንም። እኔ የመጀመሪያውን ሥራዬን ማንንም ሳልጠይቅ ሸጥኩት። የዛን ጊዜው አለቃዬ ያውቅ ነበር፣ ደስም ብሎት ነበር፤ በቃል ግን ነው። እሱ ተቀየረና አዲሱ ኃላፊ «ይህ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው» አለ። በወረቀት ምንም አልነበረኝም። የሁለት ዓመት ልፋቴን ትቼ ከባዶ ጀመርኩ። ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ፕሮግራሙን ያለ ክፍያ ለዘለቄታው ይጠቀማል፣ እኔ ደግሞ ለሌላ የመሸጥ መብት አለኝ ይበል። ፊርማና ማኅተም ይኑረው። አብዛኛው አለቃ በሰዓቱ ከተጠየቀ እሺ ይላል። ገንዘብ መግባት ከጀመረ በኋላ ግን የሚጠየቀው ነገር ሌላ ነው።

ልጁ ሲያሳየኝ ሌላም ነገር ዓይኔ ገባ። መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ስም ከነስልካቸው ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል። እውነተኛ ታካሚዎች ናቸው! ይህን ለገዢ ማሳየት ነውር ነው፣ አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። «አጠፋዋለሁ» አለኝ። አክሰስ ውስጥ ዲሊት ያደረጋችሁት ፋይሉን ኮምፓክት እስክታደርጉት፣ ማለትም የተሰረዘው ተጠርጎ ፋይሉ እስኪጨመቅ ድረስ፣ ውስጡ ሊቀር ይችላል። የሚሻለው ባዶ ፋይል ከፍቶ ሠንጠረዦቹን ያለ ዳታ ማስገባት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለአንድ ቢሮ የተሠራ ዳታቤዝ ውስጥ ቢሮው ራሱ ተቀምጧል። የእኔ ፕሮግራም የተወለደው የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የመንግሥት ቅጽ ይቆረጣል፣ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ሲወጣ ሞዴል 22። የእነዚህን ቅጾች ቁጥር ሳይሞሉ አንድም ነገር ማስገባት አይቻልም ነበር። የመጀመሪያዋ የግል ፋርማሲ ባለቤት ስትከፍተው «ሞዴል 19 ምንድን ነው?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው የአከፋፋዩን ደረሰኝ ነው። ቢቸግራት ሦስት ወር ሙሉ 0000 እያለች ሞላችው።

ከሁሉም የከፋው ግን የቀን ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ልቆይ። የቢሮዬ ንብረት ክፍል ሰው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚያስገባው፣ የቀኑ ሳጥን ግን የሚቀበለው የፈረንጅ ቀን ነው። 1999 ጥቅምት 30 ላይ 30/2/1999 ብሎ ጻፈ። ፌብሩዋሪ 30 የለማ፤ እንቢ አለው። እሱም ኅዳር 1 ብሎ አለፈው። ይሄ ምንም አይደለም፣ ቢያንስ ኮምፒውተሩ ተናግሯል። ጳጉሜ ሲመጣ ግን 5/13/1999 ብሎ ጻፈ፤ አክሰስ ዝም ብሎ ተቀበለው። ሜይ 13 ነው ብሎ ገለበጠው! ሪፖርቱ ሲወጣ ወሩ 5 ነው፣ 5ኛው ወር ደግሞ ጥር ነው። የጳጉሜ ወጪ ጥር ላይ ተገኘ። ሚሌኒየሙ ሊገባ አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ ሲል እኔና ንብረት ክፍሉ ካርድ በካርድ እያመሳከርን አመሸን። የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ያለው የማለፊያ ቀን የፈረንጅ ስለሆነ ሁለቱም አቆጣጠር የግድ ያስፈልጋል። ውስጥ በፈረንጅ አስቀምጡ፣ ለሰው በእኛ አሳዩ፣ በእኛ ተቀበሉ፣ 13ኛ ወርን አትርሱ። ፍለጋው ላይም ኃይሉንና ሀይሉን አንድ አድርጉ።

ቴክኒኩን ቶሎ ልለፈው። ፋይሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ፎርሙና ኮዱ ለብቻ፣ ዳታው ለብቻ። አለዚያ አዲስ ቨርዥን በሰጣችሁ ቁጥር የደንበኛውን ዳታ ትነካካላችሁ። ኮዳችሁ እንዳይታይ ኮምፓይል አድርጉት፣ ማለትም ኮዱ ወደማይነበብበት ፋይል ቀይሩት፤ በ32 ቢት የተዘጋጀው በ64 ቢት ኦፊስ እንደማይከፈት ግን እወቁ። የአክሰስ ራንታይም፣ የተሠራውን ፕሮግራም ማስኬጃው ብቻ፣ በነፃ ይገኛል፣ ደንበኛው ሙሉ ኦፊስ መግዛት የለበትም። አንድ የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፣ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ደግሞ የመበላሸት አደጋ አለው። ደንበኛው አምስት ስድስት ኮምፒውተር ካለው ዳታውን ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ወደሚያስተናግድ ዳታቤዝ፣ ወደ ፖስትግሬስ ወይም ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ አዛውሩት። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ፕሮግራሙ ያለ ላይሰንስ እንዳይሠራ የምታደርጉበትን ቁልፍ በተመለከተ ግን እለምናችኋለሁ፣ ጨካኝ አትሁኑ። እኔ ፕሮግራሙን ከሃርድ ዲስኩ ቁጥር ጋር አስሬው ነበር። አንድ ቅዳሜ የአንዱ ፋርማሲ ዲስክ ተቃጠለ። ሰውየው ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረው፣ አዲስ ዲስክም ገዝቶ አስገባ፤ ፕሮግራሙ ግን አላውቅህም አለው። እኔ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ተዘግቷል። እስከ ሰኞ ድረስ የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ፣ ስንት እንደቀረው ሳያይ ሠራ። አልጮኸብኝም፣ ግን «ዕቃው የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ፣ መክፈቻው ያንተ» አለኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ማሽን ሲቀየር የ30 ቀን ጊዜ እሰጣለሁ። ላይሰንሱ ቢያልቅም አዲስ ማስገባት ብቻ ነው የሚቆመው፤ ማየትና ማተም አይዘጋም። ዳታው የሱ ነው።

ስለ ዋጋ ብዙዎቻችሁ አንድ ጊዜ ሸጦ መገላገል ትፈልጋላችሁ። እኛ አገር አካውንታንቱ ሁሉ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የተማረው በፍላሽ በተገለበጠ ኮፒ ነው ማለት ይቻላል፤ ለሶፍትዌር ገንዘብ ማውጣት ብዙም አልተለመደም። ሰው የሚከፍለው ሲደውል ለሚያነሳለት ነው። ስለዚህ የመጫኛውን ዋጋ ቀነስ አድርጉና የዓመት አገልግሎት አስከፍሉ። ውሉ ላይ ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት ቀን ሥልጠና፣ ባክአፕ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ባክአፑን ያልጻፋችሁ እንደሆነ የእናንተ ይሆናል፣ አትጠራጠሩ።

ልጁን በመጨረሻ «በል የክሊኒኩን ስም ኮዱ ውስጥ ፈልግ» አልኩት። 41 ቦታ ወጣ። የሪፖርት ራስጌ ላይ፣ ዲ ድራይቭ ላይ ባለ ፎልደር ስም፣ የይለፍ ቃሉ ውስጥ ሳይቀር። አብረን አንድ በአንድ እያወጣን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚለወጠው ነገር ወደሚቀመጥበት የሴቲንግ ሠንጠረዥ ስናዛውር መሸ። አሁን 6 ቀርተዋል። ደብዳቤውን አርቅቀን ጨርሰናል፣ ሰኞ ጠዋት ይዞት አለቃው ዘንድ ይገባል።