ስልኩን ጆግ ላይ ያስደገፈው ልጅ

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት የስኳር ሕመምተኞች ክትትል ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ስጠይቅ የኖርኩት «ምን በላህ?» ብዬ ነው። «እንዴት በላህ?» ማለት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ያነቃኝ የእህቴ ልጅ ነው።

እሱ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እሁድ እሁድ ምሳ እኔ ጋ ይመጣል። አንድ ቀን ሽሮ በጎመን አቀረብኩለት። ስልኩን የውሃው ጆግ ላይ አስደገፈና ቪዲዮ ከፈተ። በቀኝ እጁ ይጎርሳል፣ በግራው ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል። አንዴ እጁ ወጥ የሌለበት ቦታ አረፈ። ደረቅ እንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰ፤ አላወቀውም። ሁለት እንጀራ ጨረሰ። እጁን ታጥቦ ተመለሰና ቡናው ሳይፈላ፣ «አክስቴ፣ የሚቀመስ ነገር የለም?» አለኝ።

አልተቆጣሁም። «ምሳህ ምን ነበር?» አልኩት።

«ሽሮ» አለ። ጎመኑን አላስታወሰውም።

ይህን ሆዳምነት አትበሉት። ጥጋብ የሆድ ብቻ ሥራ አይደለም፣ አእምሮም የበላነውን ይመዘግባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በሕመም ምክንያት አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችሉ ሁለት ሰዎች ምሳ በልተው ጨረሱ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ሌላ ምሳ ቀረበላቸው። እሱንም በሉት። መብላታቸውን አያስታውሱማ!

የእናንተ አእምሮ ደህና ነው። ግን ዓይናችሁ ስልክ ላይ ከዋለ ምኑን ይመዝግብ? ኮምፒውተር ላይ እየተጫወቱ ምሳ የበሉ ሰዎች፣ በኋላ ብስኩት ሲቀርብላቸው ምሳቸውን በወጉ ከበሉት የበለጠ እንደሚበሉ ታይቷል። በዚያ ላይ ሆድ «በቃኝ» እስኪል 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በቪዲዮ የታጀበ ምሳ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ሌሊቱም ሌላ ጣጣ አለው። የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል፣ ስለዚህ ተኝታችሁ ልታድሩ የሚገባችሁ ሰዓት በቲክቶክ ያልቃል። እንቅልፍ ሲያጥር ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚናገረው ሌፕቲን ይቀንሳል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እንዶሚ የሚያስቀቅላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቡና አገር ልጆች ናችሁና ይህንንም ልንገራችሁ፦ ማታ 3 ሰዓት ከጠጣችሁት ቡና ውስጥ ግማሽ ያህሉ ካፌይን እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ሰውነታችሁ ውስጥ ይቆያል።

ጅማ ተቀምጬ ስለ ጫት ዝም ብል ደግሞ የማውቀውን መደበቅ ይሆንብኛል። ጫት ረሃብን ይዘጋል። ከሰዓት በኋላው በምርቃናና በስልክ ያልፋል፣ ምሳ ይዘለላል፣ ከጎን ለስላሳ አለ። 300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን የሚጨመረው ስኳር ቢቻል ከስድስት ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመክራል። ክትትል ክፍል ሳለሁ ይህን በማንኪያ እየቆጠርኩ በብርጭቆ ሳሳያቸው ብዙዎቹ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

ስልካችሁን ጣሉት አልላችሁም። እኔም ልጆቼን የማገኘው በስልክ ነው። የምለምናችሁ የምግብ ሰዓቱን ብቻ ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ ጠረጴዛ ላይ መገልበጡ አይበቃም። ግቢ ከሆናችሁ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ገንዘብ ካጠረ አቮካዶ በዳቦ ብሉ፣ በእኛ ከተማ እንደ አቮካዶ የሚገኝ ነገር የለም። ከተቻለ ደግሞ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ብሉ። ጓደኛህን ልታጎርስ ስትል ፊቱን ታያለህ፣ ቀስ ትላለህ፣ ሲጠግብም ታውቃለህ።

የእህቴ ልጅ አሁን ሲመጣ ስልኩን በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ሰሞን እጁ ሥራ ፈትቶ ይቁነጠነጥ ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ጎረሰና ቆም አለ።

«አክስቴ፣ ጎመኑ ውስጥ ዝንጅብል ጨመርሽ እንዴ?»

ሁልጊዜም ነበረበት።